የአቶ በከር ልጓምና የወለንጪቲ አየር

አብነት ውስጥ ላሜራ ቀጥቃጮች በተደረደሩበት መንገድ ከዳር ሦስተኛው በር የአቶ በከር ሽኩር ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ አንዲት መኪና ከገባችበት ሁለተኛዋ ደጅ ትቆማለች። አቶ በከር በዚያች ጠባብ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። ሙያቸው ካርቡራተር ነው፤ ይኸውም ቤንዚንና አየር ተመጣጥነው ወደ ሞተር እንዲገቡ የሚያደርገውን ዕቃ መፍታት፣ ማጠብና ማስተካከል። አዲሶቹ መኪኖች ይህን ዕቃ ትተው በኮምፒውተር መመራት ከጀመሩ ወዲህ ገበያው ቢቀዘቅዝም፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መጨረሻው እርሳቸው ዘንድ ነበር። «በከር ካላዳመጣት መኪናህ አልታከመችም» ይባል ነበር። አባባሉ ለማሞገስ ብቻ አልነበረም፤ አቶ በከር በእርግጥ የሚሠሩት በጆሮ ነበርና። ካቻቢቴያቸውን ብሎኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሞተሩ ሲያጉረመርም ያዳምጣሉ፤ ሩብ ዙር ያጠብቁና እንደገና ያዳምጣሉ።

ይህ ጆሮ ከአራት ዓመት ወዲህ ይከዳቸው ጀመር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ወገን ሞተር፣ በሌላው ወገን የጎረቤት መዶሻ ሲቀጠቅጠው የኖረ ጆሮ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ፊት ለፊት የሚያናግራቸውን ሰው ይሰማሉ፤ ጫጫታ በተነሳ ጊዜ ግን ከንፈር ማየትና ራስ መነቅነቅ ብቻ ይቀራቸዋል። «ልክ ነህ»፣ «እሱስ ነው»፣ «አላህ ያውቃል» የሚሉት ሦስት መልሶች ለብዙ ነገር እንደሚበቁ ደረሱበት። ሰፈሩ ነገሩን አውቆ ያወራል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሰፈሩ ማወቁን ያልሰሙት አቶ በከር ብቻ ነበሩ።

ምስጢሩን ያፈረጠው አንድ የወሊሶ ሰው ነው። ሞተሯ እያንኳኳ ያመጣትን ፒክአፕ አቶ በከር አዳምጠው «ደህና ናት» ብለው ሸኙት። መኪናዋ ወሊሶ ሳትደርስ ሞተሯ ነክሶ ቆመ። ሰውዬው ተመልሶ ጋራዡ ውስጥ ሲጮህ አቶ በከር ራሳቸውን እየነቀነቁ «ልክ ነህ» ስላሉት ይበልጥ ተቆጣና ልጃቸው ሳሚያ ወደምትሠራበት ፋርማሲ ሄደ።

ሳሚያ ፋርማሲስት ናት። እናቷ ከሞቱ በኋላ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። የዚያን ዕለት ማታ እራት ከቀረበ በኋላ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዛሬ አንድ ሰው ፋርማሲ ድረስ መጥቶ ሰደበኝ።»

«ሰው ምን አለሽ?»

«ሰደበኝ! የወሊሶው ሰውዬ። ጆሮህን ሐኪም እናሳይ።»

«ጆሮዬ ደህና ነው። ሰዉ ነው መንሾካሾክ የለመደው።»

«ሰውዬው አብነት ሆኖ ሲጮህ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ተሰምቷል። መንሾካሾክ ነው ይሄ?» አለች ሳሚያ። «በቃ ጋራዡን ዝጋው። ነገ የሰው ፍሬን እምቢ ቢልስ? ሰው ቢሞትብህስ?»

አቶ በከር ማዕዱን ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ዳኝነት አድርገው ቃላቸውን ሰጡ። «የአብስራን ላዳ ልጨርስ። በውድድሩ ቀን የሠራሁት ልጓም ከከዳኝ፣ ዘግቼ ቁልፉን አስረክብሻለሁ። ካልከዳኝ ግን ነገሩን ዳግመኛ አታነሺብኝም።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ላዳዋና ስለ ልጓሟ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአብስራ ሃያ ስምንት ዓመት የሆነው፣ እነአቶ በከር ባሉበት ሕንፃ የሚኖር የንድፍ ባለሙያ ነው። አጎቱ ያወረሱትን አሮጌ ላዳ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ ቀለሟን ሳይነካ ሞተሯን አውጥቶ ጉልበተኛ ሞተር አስገባባትና ለመኪና ውድድር አስመዘገባት። ውድድሩ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው አረንጓዴ መብራት ሲበራ ይፈተለካሉ። የአብስራ የገባበት ምድብ ግን አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ መንገዱን ከአሥራ አምስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ይወድቃል። አሸናፊው ከአሥራ አምስት ሰከንድ ሳይቀድም፣ ከተቀናቃኙ ግን ቀድሞ መስመሩን የነካው ነው። ወጣቶቹ ይህን ምድብ «ቀጠሮ» ይሉታል።

ላዳዋ እንደ ልቧ ከተለቀቀች በአሥራ አራት ሰከንድ ገደማ ትጨርሳለች፤ ስለዚህ የሚይዛት ያስፈልጋታል። የአብስራ እንደ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከውጭ ያስመጣው መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከካርቡራተሩ ጋር የሚያያዝ ክንድ ነው፤ አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም የአየሩን በር ከፊሉን ብቻ ከፍቶ ይይዛል። ሁለተኛው ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ የሚቀመጥ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ክንዱ ስንት ሰከንድ እንደሚይዝ ቁጥር ይሞላበታል። ጊዜው ሲያልቅ ክንዱ ይለቃል፣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ መኪናዋም ትወረወራለች። አቶ በከር መሣሪያውን እንዳዩ «ልጓም ነው» አሉ። ስሙ በዚያው ጸና።

አሠራራቸው አንድ ሕግ ነበረው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ሁለት ነገር ለውጦ ውጤት ያገኘ ሰው የትኛው እንደበጀው አያውቅም ይላሉ። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ገና ለተሽከርካሪ ባልተከፈተ የደጋ መንገድ ላይ ሦስት እሑድ ማለዳ ሞከሩ። ልጓሙ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ በረዘመ ቁጥር መኪናዋ መስመሩ ላይ የዚያን ግማሽ ያህል እንደምትዘገይ አረጋገጡ። በመጨረሻ አንድ ነጥብ ስምንት ላይ ቆሙ። ላዳዋ በአሥራ አምስት ነጥብ ዜሮ ሦስት ደረሰች፤ ደግማም ደጋግማም እዚያው ላይ ደረሰች። አቶ በከር ከጆሮ ውጭ ሠርተው ሲሳካላቸው የመጀመሪያቸው ነበርና በልባቸው ተጽናኑ።

ውድድሩ አሥር ቀን ሲቀረው የአብስራ ወደ ጋራዡ ብቅ አለ። ጎረቤት የአይሱዙ በር እየተቀጠቀጠ ነበር።

«ጋሽ በከር! ቦታው ታውቋል! ወለንጪቲ ነው!»

የአቶ በከር ጆሮ የቃሉን መነሻ ያዘና ቀሪውን ከራሱ ጨመረ፤ ወልመራ። ወልመራ ሆለታ አጠገብ ያለ ደጋ ነው፤ አየሩ እንደ አዲስ አበባ ስስ ነው። ወለንጪቲ ግን ከአዳማ ማዶ ያለ ሞቃት ዝቅተኛ አገር ነው። በዚያ አየሩ ይወፍራል፤ ሞተርም ከደጋው ይልቅ ይበረታል።

«ልክ ነህ፤ ጥሩ ቦታ ነው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

በውድድሩ ዕለት ሱብሂ ሰግደው ወረዱ። ላዳዋ በኪራይ አይሱዙ ላይ ተጭናለች። መሪውን የያዘው የአብስራ ነው፤ ሳሚያ መካከል፣ አቶ በከር በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። መኪናው ወደ ጦር ኃይሎች ይታጠፋል ብለው ሲጠብቁ ወደ ቃሊቲ ታጠፈ። ደብረ ዘይት ታለፈ፤ ሞጆ ታለፈ። የመስኮቱ አየር እየሞቀ ሲሄድ ጉዞው ወደ ወልመራ እንዳልሆነ አቶ በከር እርግጠኛ ሆኑ። «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያ ጥያቄ ብቻውን ለሳሚያ በቂ ማስረጃ ነው። ስለዚህ አልጠየቁም። አዳማን አልፈው ወለንጪቲ እስኪደርሱ በመዳፋቸው ላይ በጣታቸው ሒሳብ ሲሠሩ ቆዩ።

እንደደረሱ የአብስራ ምዝገባ ሲሄድ ብቻቸውን ላዳዋ ውስጥ ገቡና ቁጥሩን ከአንድ ነጥብ ስምንት ወደ ሁለት ነጥብ አምስት ከፍ አደረጉት። ልጁ ተመልሶ አየው።

«ለወጡት እንዴ ጋሽ በከር?»

«ለአገሩ አየር ነው» አሉ፤ ከጥንቱም አስበውበት እንደነበር አስመስለው።

ቦታው አንድ ገና ያልተመረቀ ቅርንጫፍ መንገድ ነበር። ሕዝቡ በሁለቱም ወገን ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል፤ ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው አፉ አላረፈም። «ውድ ተመልካቾች! የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም! የዘገየ ይቀራል፤ የቀደመ ይባረራል!» ከላዳዋ አጠገብ የቆመች የምታብለጨልጭ ቀይ መኪና ባለቤት ማኑ የሚባል ወጣት ነበር። የታክሲዋን ቀለም አይቶ እስኪበቃው ሳቀ።

«ጀለሴ፣ ሜክሲኮ ስንት ታስከፍላለህ?»

«ላንተ ኮንትራት ነው» አለ የአብስራ። «ግባና ኋላ ተቀመጥ።»

ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ሙከራ ተፈቅዷል። በመጀመሪያው ላዳዋ ተነሳች፤ ልጓሙ ያዛት፤ ልጓሙ ለቀቃት። በዚያች ቅጽበት አቶ በከር ሕዝቡ በአንድነት ሲስቅ አዩ። ማኑም አፉን በእጁ ይዞ ሲንፈራፈር አዩ። ሰሌዳው ላይ የወጣው ቁጥር አሥራ አምስት ነጥብ ሠላሳ ስምንት ነበር።

የአብስራ እያላበው ተመለሰ። «ዘገየች ጋሽ በከር። ልጓሙ በዝቶባታል። ወደ አንድ ነጥብ ስምንት እንመልሰው?»

ንግግሩ ልክ ይመስላል። ነገር ግን ያዘገያት ልጓሙ ካልሆነስ? ሞተሩ ውስጥ ሌላ ሕመም ካለ፣ ያም ሕመም በውድድሩ መካከል በድንገት ቢተዋት፣ ላዳዋ ከቀጠሮዋ ቀድማ ትደርስና ትወድቃለች። ይህን የሚለየው ድምፅ ብቻ ነው። ሕዝቡ አንድ ነገር ሰምቶ ስቋል፤ ካርቡራተር ሠሪው በከር ግን አልሰማም።

«ትንሽ ቆየኝ» ብለው ወደ አይሱዙው ጀርባ ሄዱ። ሳሚያ ጥላው ሥር ቆማ ውኃ ስትጠጣ አገኟት።

«ሳሚያ።»

«አቤት።»

«አልሰማሁም።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን አልሰማሁም። የወሊሶውንም ሰው መኪና አልሰማሁም። ልጁ ወለንጪቲ ሲለኝ ወልመራ መስሎኝ ለደጋ አየር ነው ያዘጋጀኋት። እዚህ መሆኑን ያወቅሁት ቃሊቲ ስንታጠፍ ነው። ሰዉ ሲስቅ አየሁ። ምን ተሰማ?»

ሳሚያ የውኃውን ክዳን ቀስ ብላ ገጠመች። ብዙ ልትናገር ትችል ነበር፤ መናገርም ይገባት ነበር። አባቷን ግን እንዲህ አንገታቸውን ሰብረው አይታቸው አታውቅም። ፊት ለፊታቸው ቆመችና ከንፈሯን እንዲያዩ ጎላ አድርጋ ተናገረች።

«ሳለች።»

«እንዴት ያለ ሳል?»

«ደረቅ። አክታ የሌለው። ሁለት ጊዜ ሳለችና ተሻላት።»

«ስትነሳ ነው?»

«አይደለም። ተይዛ ተይዛ ልትሮጥ ስትል።»

«ልጓሙ ሲፈታ!» አሉ አቶ በከር፤ ዓይናቸው በራ። «አየሩ ሲበዛባት ቤንዚኑ አነሳት። ደረቅ ሳል ነው ያልሽው፣ አይደል?»

«በቀን ሠላሳ ሰው የሚስልብኝ ሴት ነኝ። ደረቅ ነው። እኛ ለሱ ሽሮፕ እንሰጣለን።»

«እኛም እንደዚያው።»

ለየአብስራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩት። ልጁ ላብ ያራሰውን ግንባሩን ጠረገ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጮኼ ነበር የነገርኩዎት።»

«ጮኸሃል። የዋሸሁህ ራሴን ስነቀንቅ ነው። ይቅር በለኝ።»

«እንግዲያው ቶሎ እናስተካክላት» አለ የአብስራ፤ ይቅርታውን በዚህ ሰጠ። «ቤንዚኑንም ልጓሙንም በአንድ ጊዜ እንለውጥ። የቀረን ሙከራ አንድ ብቻ ነው።»

«አንድ ብቻ ስለሆነ ነው የማንለውጠው» አሉ አቶ በከር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቤንዚኑ ብቻ።»

ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀዳዳ ያላቸውን ትናንሽ የነሐስ ብሎኖች ፈትተው ቀዳዳቸው ሰፋ ባሉ ቀየሩ። በሁለተኛው ሙከራ ሳሚያን ልጓሙ የሚፈታበት ቦታ ትይዩ፣ ሕዝቡን ከሚያግደው ገመድ ወዲህ አቆሟት። ላዳዋ በፊቷ አልፋ ስትወረወር ሳሚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ሳል የለም ማለቷ ነው። ቁጥሩ አሥራ አራት ነጥብ ዘጠና አንድ ሆነ። ላዳዋ ድናለች፤ ከቀጠሮዋ ግን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀድማለች።

«አሁን የልጓሙ ተራ ነው» አሉ አቶ በከር። የአንዱ አሥረኛ ውጤት ግማሹ መሆኑን ከደጋው ሙከራ ያውቃሉ። ሁለት ነጥብ አምስት የነበረውን ሁለት ነጥብ ሰባ አምስት አደረጉት። «አሥራ አምስት ነጥብ ዜሮ ሦስት ትገባለች፤ ኢንሻአላህ» አሉ። የአብስራ ሦስቴ አማተበና መሪውን ያዘ።

በመጀመሪያው ዙር በዕጣ የደረሳቸው ተቀናቃኝ ማኑ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሁለቱም ተወረወሩ። ቀይዋ መኪና ከመንገዱ አጋማሽ ጀምራ መራች፤ በመስመሩም ላይ ፊት ሆና ገባች። የማኑ ወዳጆች ጮቤ ረገጡ። ሰሌዳው ላይ ግን የማኑ ቁጥር አሥራ አራት ነጥብ ዘጠና ስድስት ነበር፤ የላዳዋም አሥራ አምስት ነጥብ ዜሮ ሦስት።

«ወንድማችን ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ! ታክሲዋ ግን ሰዓቷን አከበረች!» አለ ድምፅ ማጉያው። «አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ታክሲ ካያችሁ ጠቁሙን!»

አቶ በከር ይህን አልሰሙም። ሳሚያ ግን ቃል በቃል ፊት ለፊታቸው ደገመችላቸውና ሳቁ።

ወደ ስድስት ሰዓት ሲጠጋ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ እንደ ውኃ ይንቀለቀል ጀመር። አቶ በከር መዳፋቸውን ዘርግተው አየሩን እንደ ጨርቅ የሚዳብሱ ይመስሉ ነበር። አየር ሲግል ይሳሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። ከልጓሙ ላይ አንድ አሥረኛ ቀነሱ። በሁለተኛው ዙር ላዳዋ በአሥራ አምስት ነጥብ ዜሮ ሁለት ገባችና ተቀናቃኟ ከኋላ ቀረ። በሦስተኛው ዙር፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ አሥራ አምስት ነጥብ ዜሮ ሦስት ሠራች፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው መኪናዋ ከተነሳች ጀምሮ ነው፤ ነገር ግን የአብስራ አረንጓዴው ሲበራ ዘግይቶ ተነስቶ ነበርና ከባሌ የመጣ አንድ ሹፌር በአንድ ጎማ ርዝመት ቀድሞት መስመሩን ነካ። ሆኖም ሦስቱም ዙር፣ ሦስቱም ቁጥር፣ ከቀጠሮው ከሦስት መቶኛ ሰከንድ በላይ ያልራቀ ነበር።

የአብስራ ከመኪናው ወርዶ አቀርቅሮ ቆመ። «የኔ ጥፋት ነው ጋሼ። እግሬ ተኛብኝ።»

«እግር ይነቃል» አሉ አቶ በከር፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ሦስተኛ ሆነናል። ላዳ ይዞ!»

ላዳዋ አይሱዙው ላይ ከወጣች በኋላ ሳሚያ ጋቢና ውስጥ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ልጓሙ አልከዳህም» አለች። «ባልከው መሠረት ጋራዡን ዳግመኛ አላነሳብህም።»

«ልጓሙ አልከዳኝም፤ ጆሮዬ ግን ከድቶኛል። ቃሉን የገባሁት ጆሮዬን ደብቄ ነውና አይጸናም» አሉ። «ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ትወስጂኛለሽ። ዕቃ ጆሮ ላይ አድርግ ካሉኝም አደርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ጋራዥ እገባለሁ።»

«ፍሬን እንዳትነካ እንጂ።»

«ፍሬን መቼ ነክቼ አውቃለሁ? እኔ የካርቡራተር ሰው ነኝ!»

ሳሚያ ሳቋን መያዝ አቃታት። በዚህ መካከል ማኑ ቀይ መኪናውን ትቶ በእግሩ መጣ። የጠዋቱ ፌዝ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። አጠገባቸው ሲደርስ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ነበርና አፉ ብቻ ሲንቀሳቀስ ታየ። አቶ በከር እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ሊነቀንቁ አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን መለስ አሉ። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሱና ጮክ ብለው፣ ዙሪያው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ጻፍልኝ።»

ማኑ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን አየ። ከዚያ የዘይት ካርቶን ቀደደና እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። አቶ በከር መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «መኪናዬ በሦስቱም ጊዜ የተለያየ ቁጥር ነው የምትሰጠኝ። እናንተ ልጓም የምትሉትን የኔንም ያዩልኛል?» ይላል።

«ልጓሙ ሲፈታ ሞተርህ ይስላል?» አሉት።

ማኑ ትከሻውን ሰበቀ።

አቶ በከር የነሐስ ብሎኖቹን ሣጥን አንስተው ከአይሱዙው ወረዱ። «ሳሚያ፣ ነይ አዳምጪለት» አሉ። ሳሚያም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተከተለቻቸው።